ኤረር ላይ ያልወረደው ቃል

ሰው የሚፈራው ሌሊትን ነው ይባላል። እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ የምፈራው ቀትርን ነበር። የድሬን ቀትር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ የጋሪ ፈረስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፣ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ ይሮጣል። በዚያ ሰዓት የግራ ዓይኔ ይጠፋብኝ ነበር። እንደ መብራት ድርግም ብሎ አይደለም። በሳሙና ውሃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ሲመሽና ሲነፍስ ደግሞ ይመለሳል። ስለሚመለስ ማንም አላመነኝም።

ይህን የምጽፈው ለትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ነው። የክበቡ መምህር «አጭር አድርጊው» ብለውኛል። እኔ ግን እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ስለከረምኩ አሁን እጄ ሲታዘዝልኝ ማቆም አይሆንልኝም። ፊደሉ መስመሩን ይዞ ሲሄድ ማየት ራሱ ደስ ይለኛል! ታሪኩ ግን የደስታ አይደለም። ከእናንተ ወይም ከእኅት ወንድሞቻችሁ መካከል የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ያለበት ሰው ካለ፣ «ይዋሻል» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ስሜ ትርሲት ነው። የምንኖረው ከዚራ፣ ከባቡር ሠራተኞች ቤት ነው። እናቴ ልብስ ትሰፋለች። አባቴ ባቡር ላይ ኮንትሮለር ነው፤ ትኬት ይፈትሻል። ከድሬ እስከ ሞጆ አባዬን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቁት ግን በትኬቱ ሳይሆን በመልእክቱ ነው። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ሰዎች መስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ።

«አቦ፣ አፍደም ላለችው እኅቴ ልጁ ተሽሎታል በላት!»

«ሚኤሶ ላይ ሐሰንን ካገኘኸው ፍየሏን እንዳይሸጣት ንገረው!»

አባዬ አይጽፍም። አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። እያንዳንዱን መልእክት በሐሳቡ በየጣቢያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም እያለ ይሄዳል። ባቡሩ አፍደም ሲደርስ የአፍደሙ መልእክት ራሱ ተነሥቶ ይወርዳል ይላል። «እኔ አላስታውስም፤ ጣቢያው ነው የሚያስታውሰኝ» ይላል ሲያደንቁት። ከኤረር ደግሞ ሁልጊዜ ብርቱካን ያመጣልን ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከሰዓት ፈረቃ ደረሰኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ነው ክፍል የምንገባው። በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ጥቁር ሰሌዳው በግራ በኩል ጠፋብኝ። ለእማዬ ነገርኳት። «ምች ነው» አለች ወዲያው፤ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ውስጥ አደረገች፣ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ላቡ ሲያጥበኝ ሌላኛውም ዓይኔ ጨለመ። ሲበርድልኝ ተመለሰ። «አየሽ! ምቹ ወጣ» አለች እማዬ ደስ ብሏት። እኔም ደስ አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና መጣ።

ዓይን የሚያየው ሰውዬ መነጽር አዘዘልኝ። የመረመረኝ ጠዋት ስለነበር ፊደሎቹን ሁሉ እስከ ታች አነበብኩለት፤ እሱም «ለጥንቃቄ ያህል» ብሎ ጻፈ። መነጽሩ ቀትር ላይ ምንም አልፈየደም፤ ክፍል ውስጥ «ፕሮፌሰሯ» የሚል ስም ብቻ አተረፈልኝ።

ከዚያ እግሬ ተከተለ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«አንቺ! ጫማሽስ?»

ወደ ታች አየሁ። የቀኝ እግሬ ባዶ ነበር። ነጠላ ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። በዚያ በሚያቃጥል አሸዋ ላይ ስንት መንገድ እንደሄድኩ አላውቅም። የውስጥ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ያን ዕለት እማዬ ምች አላለችም። ቁጭ ብላ እግሬን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክሊኒክ ሁሉ ብቆጥርላችሁ ትሰለቻላችሁ። አንዱ ወባ ነው አለ፤ ኪኒኑ ጆሮዬን አደነቆረው። አንዱ ደም ማነስ ነው አለ። አንድ ድሬሰር ነርቭ ነው ብሎ አሥራ ሁለት የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። መጠበቂያው ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ወረፋችን ሲደርስ ሁልጊዜ ቀትር ይሆናል። ስሜ ሲጠራ ብድግ ስል ግድግዳውን እየዳበስኩ ነበር የምገባው። ድሬሰሩ ለእማዬ በጆሮዋ ያላት፣ እኔ የሰማሁት ነገር አለ። «ልጅቷ አድጋለች። ስትዳር ይለቃታል።» እማዬ ብድግ አለች። እጄን ይዛ ወጣች፤ የቀሩትን ሁለት መርፌዎች ሳንወጋ ቀረን።

ከሁሉ የከፋው ግን ዓይኔም እግሬም አልነበረም። መርሳት ጀመርኩ።

እማዬ አሸዋ ገበያ ሄጄ ሽንኩርት፣ ክርና ሳሙና እንዳመጣ ትልከኛለች። ገበያው መሐል እደርስና እቆማለሁ። ለምን እንደመጣሁ አላውቅም። ሰው ይገፋኛል፣ ባለ ሱቆቹ በኦሮምኛም በሶማልኛም ይጠሩኛል፤ እኔ ግን ባዶ ነኝ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ጥያቄውን ጠይቆኝ ሳይጨርስ የጥያቄው መጀመሪያ ይጠፋኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዓይን ሲታመም ዓይን ታመመ ይባላል፤ አእምሮ ሲታመም ግን ሰውየው ራሱ ሄደ ነው የሚባለው። እኔ እየሄድኩ ነው ብዬ አሰብኩ። ማን እንደሚሆን የማላውቀው ሰው በእኔ ስም ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ።

የነቃብኝ አባዬ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ አስቀመጠኝና «ገበያ ስትላኪ ባቡር ተሳፈሪ» አለኝ።

«የምን ባቡር?»

«የኔን። ሽንኩርቱን ድሬ ላይ አስቀምጪው። ክሩን ሁርሶ። ሳሙናውን ኤረር። ከዚያ ገበያው መሐል ስትደርሺ ባቡሩን አስነሺው።»

ሳቅሁበት። ሞከርኩት። ሦስቱንም ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጣቢያዎቹን ያስጠናኝ ጀመር፤ ከድሬ እስከ ሞጆ አሥራ አምስት አድርገን ቆጠርናቸው። ለጊዜው ረዳኝ። ሕመሙ ግን መንገዱን ቀጠለ።

አዴ ዘይነባ ጎረቤታችን ናት። ድንጋይ ብታማክራት መድኃኒት የምታዝለት ዓይነት ሴት ናት፤ ፍቅሯም እንደዚያው ነው። አንድ ከሰዓት መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና እግሬን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው።

«አቦ ይህች ልጅ ብርድ ገብቷት ነው!» አለች።

«ድሬ ላይ ምን ብርድ አለ ዘይነባ?» አላት አባዬ።

«አጥንት ውስጥ ነው እንጂ ውጭ ነው አልኩህ? ኤረር ፍልውሃው ውሰዳት። ሦስት ቀን ትነከር። የኔ እናት በቃሬዛ ሄዳ በእግሯ ነው የተመለሰችው፣ ወላሂ!»

እማዬ አልወደደችውም። «የጀመርነውን ጸበል ሳንጨርስ» አለች። አባዬ ግን ተስፋ ሲያይ ባቡር እንደሚያይ ሰው ነው፤ ይነሣል። በነጋታው ኤረር ወረድን።

ፍልውሃውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በእውነት ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ ስሙን ላጠፋ አይደለም። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዲት ወፍራም እናት «ግቢ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ይለቅሻል» አለችኝ። እስከ አንገቴ ገባሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሴቶቹ ፊት ነጣ። ከዚያ ጠፋ። ሁለቱም ዓይኔ! ልነሣ ስል እግር የለኝም። አለ፤ ግን የኔ አይደለም። ጮህኩ መሰለኝ። ጎትተው አወጡኝ፤ በአንሶላ ጠቅልለው ለአባዬ አስረከቡኝ።

እስከ ጣቢያው ድረስ ተሸክሞኝ ሄደ። ልቡ ሲመታ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። «እኔ ነኝ ያስገባሁሽ» ይላል። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።» ባቡሩ ሲነሣና ነፋሱ በመስኮት ሲገባ ዓይኔ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ያየሁት አባዬን ሲያለቅስ ነው።

ቤት ስንገባ እማዬ የተናገረችውን አልጽፈውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላቸው ወሬ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ «ለአባትሽ ምሳው ቀርቧል በይው»፣ «ለእናትሽ ነገ ሥራ እገባለሁ በያት»። አባዬም ከዚያ ወዲህ ከኤረር ብርቱካን አላመጣም። ማታ ጣቢያዎቹን ሲያስጠናኝ እንኳ «ድሬ፣ ሁርሶ» ይልና ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ «ጎታ»።

በዚያው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር አባዬን አስጠራው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ልጅህ ትረፍ» አለው። «ሒሳብ ከሃያው ሦስት ነው ያገኘችው። የፖለቲካ ትምህርት ፈተና ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ ነው የወጣችው። አእምሮዋ ካልያዘላት ቦታውን ለሌላ እንስጥ።»

«ታማ ነው።»

«ምን ታማ? ስም የለውም እኮ! ስም ያለው ሕመም፣ የሐኪም ወረቀት አምጣ። እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር መግቢያ እጠብቃለሁ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀት ይፈልግ ነበር። እኔም ከእሱ በላይ እፈልግ ነበር፤ አእምሮዬ እየሄደ ከሆነ የት ድረስ እንደሄደ የሚነግረኝ ሰው እፈልግ ነበር።

ወደ ስሙ የመሩን የባቡር ሠራተኞች ክሊኒክ ሐኪም ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ዝምተኛ ሰው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እየጻፉ ሰሙኝ። ኤረር ስደርስ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትገቢ ነው የጠፋው?»

«አዎ።»

«ሲበርድሽ ተመለሰ?»

«ባቡር ላይ፤ ነፋሱ ሲነካኝ።»

«ከእንግዲህ ሙቅ ውሃ እንዳትነኪ» ብቻ አሉ። አባዬ አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፉ። ጅቡቲ ውስጥ የራስ ቅልን ከውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ማሽን ያለው ሆስፒታል አለ፤ እዚያ ያለች አንዲት ፈረንሳዊት ሐኪም ይህ ይሆናል ብዬ የምጠረጥረው በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለጥናት ትፈልጋለች አሉን። የይለፍ ወረቀቱ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ሌላ ቢሮ ሲዞር ስድስት ሳምንት ፈጀ። አባዬ የባቡር ሰው ባይሆን ኖሮ ይህን ዛሬም አልጽፈውም ነበር።

ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን መስመር ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። ሽንሌን አለፍን፣ አዲጋላን፣ አይሻን። አባዬ እርጥብ ፎጣ አንገቴ ላይ እያደረገ፣ ሲደርቅ እያራሰ ሄደ። ጅቡቲ ከድሬ ትብሳለች፤ አየሩ ራሱ እንደ ሾርባ ነው። ሆስፒታሉ መጠበቂያ ውስጥ አግዳሚው ላይ ስጠብቅ ሁሉም ነገር ነጣብኝ። አንዲት ሶማሌ አሮጊት ሻሿን ውሃ ውስጥ ነክራ ፊቴን አበሰችልኝ። አላውቃትም፤ ፊቷንም በደንብ አላየሁትም። እጇን ብቻ አስታውሳለሁ። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ሐኪም ብቻውን ምንም አያደርግም።

«የድሬ ልጅ ማን ናት?» አለ ድምፅ በአማርኛ።

ሲስተር ሃዋ ናት። ያደገችው ድሬ፣ ገንደ ቆሬ ነው፤ በዚያ ሁሉ ባዕድ ቋንቋ መካከል «አቦ» ስትል ስሰማት ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

«ፈረንጇን አትፍሪያት» አለችኝ እየደገፈችኝ። «ሰው አትበላም። ዓሣ ብቻ ነው የምትበላው።»

ዶክተሯ ቀጭን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ሃዋ እያስተረጎመች መጀመሪያ የነገረችኝ ይህን ነው፦ «ይህ ጥናት ነው። ፎቶውን የማነሣሽ በሽታው የማስታወስን ኃይል እንዴት እንደሚነካ ለማወቅ ነው። ያድንሻል ብዬ አልዋሽሽም። እምቢ ብትዪም ሕክምናውን እሰጥሻለሁ።» ከዚያ በፊት ማንም ሐኪም እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። አባዬን አየሁት። «አንቺን ነው የጠየቀችው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ገና የላቤ ጨው ሳይደርቅ፣ ሃዋ አሥራ አምስት ቃላት አነበበችልኝ። መሀረብ፣ በር፣ ጫማ፣ ዝናብ፣ መሰላል… እያለች። ከዚያ «ያስታወስሽውን በይ» አለችኝ። አራት አልኩ። አራት ብቻ! አምስተኛውን ስፈልግ አራቱም ሊጠፉ ሆነ። ዶክተሯ ጻፈች። የመጻፏ ድምፅ አስጠላኝ።

በነጋታው ማሽኑ ውስጥ ገባሁ። ክንዴ ላይ መድኃኒት ወጉኝ፣ አንድ ሰዓት ያህል አስጠበቁኝ፣ ከዚያ ጠባብ አልጋ ላይ አጋድመው ራሴን ትልቅ ቀለበት ውስጥ አስገቡት። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለማሽኑ ሲባል ነው አሉ፤ እኔ ግን ለእኔ የተደረገ መሰለኝ። እያጉረመረመ ሲዞር እንደ ባቡር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቢያ መቁጠር ጀመርኩ። ድሬ፣ ሁርሶ… ጎታ።

ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችን። የገዛ አእምሮዬን አየሁት! የተከፈለ ለውዝ ይመስላል። በውስጡ ቦታ ቦታው ላይ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አለች፤ ብዙ ጠባሳ እንደማለት ነው። ነርቭ እንደ ሽቦ ልባስ አለው፤ የገዛ ሰውነት ተሳስቶ ልባሱን ያቆስለዋል፤ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ሲሞቅ ደግሞ መልእክት ማሳለፍ ያቅተዋል። የብርድ አገር ሰው በሽታ ነው ይባል ስለነበር እዚህ ማንም ሐኪም አይጠረጥረውም።

«የኤረሩ ውሃ…» አለ አባዬ በባቡር ፈረንሳይኛው። ከዚያ በላይ አልወጣለትም።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። እንዲህ ዓይነት ማሽን ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች ይህን በሽታ ሲጠረጥሩ በሽተኛውን ሆን ብለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስገቡት ነበር አለችው። ውሃው ቁስሉን አይፈጥረውም፤ ያሳየዋል እንጂ። «አንተ ኤረር ባትወስዳት ደብዳቤውን የጻፈው ሐኪም አይጠረጥርም ነበር።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። የሰማ አይመስልም ነበር።

ለአሥር ቀን ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት ወሰድኩ። በስድስተኛው ቀን የቀኝ እግሬ ጣቶች የአልጋውን ብረት ቅዝቃዜ ተሰማቸው። ጮኼ ሃዋን ጠራኋት፤ እሳት የተነሣ መስሏት እየሮጠች መጣች። «ብረቱ ይበርዳል!» አልኳት። «እና ምን ላድርግልሽ፣ ላሙቅልሽ?» አለችኝና ቁጭ ብላ አብራኝ አለቀሰች።

በአሥረኛው ቀን፣ ጠዋት፣ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አዲስ አሥራ አምስት ቃላት አነበቡልኝ። በዚህ ጊዜ ባቡር ተሳፈርኩ። እያንዳንዱን ቃል በየጣቢያው አስቀመጥኩ። «በይ» ስባል ባቡሩን አስነሣሁት። አሥራ አራት! የቀረኝ ሦስተኛው ብቻ ነው። ኤረር ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ባቡሩ ግን ኤረር ላይ አልቆመልኝም፤ አልፎ ሄደ።

ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሣች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። «ይህ ፎቶና ይህ ውጤት አብረው አይሄዱም» አለች። ለትምህርት ቤቱ የሚጻፈውን ደብዳቤ እዚያው ልትጀምር ወረቀት ሳበች።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተከፈለው። ዝም ብል ደብዳቤው ይጻፋል፤ ትምህርቴ ይተርፋል። ግን አታልዬአት ይሆን? ቃላቱን የያዘው የታመመው አእምሮዬ ነው ወይስ የአባቴ ባቡር? እሷ ከእኔ አንድ እውነተኛ ቁጥር ብቻ ነበር የምትፈልገው። ከእኔ በኋላ የሚታመሙ ሰዎችም ይኖራሉ።

«ሲስተር ሃዋ» አልኩ፣ «አጭበርብሬአለሁ በያት።»

«ምን? ዝም በይ አንቺ! ትጻፍልሽ እንጂ!»

«በያት።»

ነገረቻት። ስለ ጣቢያዎቹ ሁሉንም አስረዳኋት። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች፤ አልተቆጣችም። ሌላ ዝርዝር አስነብባ «ይህን ያለ ባቡር» አለችኝ። በጣም ሞከርኩ። ዘጠኝ አልኩ። ዘጠኝ፤ ከዚያ ባዶ። ያ ዘጠኝ እስከ ዛሬ ያመኛል፤ የጎደለው ነገር እውነት መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው።

«ሁለቱንም እጽፋለሁ» አለች ዶክተሯ። «ዘጠኙም እውነት ነው፤ አሥራ አራቱም እውነት ነው። ማጭበርበር አይደለም። መንገዱ ተቆርጧል፤ አንቺ ግን ሌላ መንገድ ይዘሽ ደርሰሻል። እኔም ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፎቶው ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ የሚደርሰው፣ ሌላው የሚቀረው ለምን እንደሆነ።»

አባዬ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ድልድይ ሲፈርስ ምን እናደርግ ነበር መሰለሽ አላት፤ ባቡሩ ፍርስራሹ ጋ ይቆማል፤ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ በወንዙ አሸዋ በእግሩ ይሻገራል፤ ማዶ ሌላ ባቡር ይጠብቀዋል። ይዘገያል፣ ይደክማል፣ ግን ይደርሳል። ዶክተሯ «ልክ እንደዚያ!» ብላ ወረቀቷ ላይ ድልድዩን ሳለችው።

ደብዳቤው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ወደ ጠዋት ፈረቃ እንድዛወርና ከሰዓት ፈተና እንዳልፈተን። ዩኒት ሊደሩ ማኅተሙን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ስም አለው ለካ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የከዚራ ዛፎች ገና ቀዝቃዛ ሳሉ፣ በሁለት እግሬ ትምህርት ቤት ገባሁ። ለአዴ ዘይነባም ፍልውሃው ነው በሽታዬን የገለጠው አልኳት። «ብዬ አልነበር!» አለች፤ አሁን ለሰፈሩ ሁሉ ያዳነችኝ እሷ ናት። ይሁንላት።

ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ሊመለስ ይችላል ብላኛለች ዶክተሯ፤ ባለፈው ክረምት ለሁለት ሳምንት ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሕመማችሁ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ የመጣበትን ሰዓትና ቦታ ጻፉ። ቀትር ላይ ሆነ? እሳት አጠገብ? ሐኪም ጠዋት ሲያያችሁ ቀትሩን አያየውም፤ ይዛችሁለት መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ዶክተሯ ቤት ውስጥ እንድለማመድባቸው የቃላት ዝርዝሮች ሰጥታኝ ነበር። እሑድ እሑድ አባዬ ያነብልኛል፤ እኔም በባቡሩ እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ አሥራ አራት፤ ሁልጊዜ የሚቀረው ሦስተኛው። አባዬ የትኛው እንደሚቀርና የት እንደሚቀር ያውቃል፤ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ያስገባና ይወጣል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ የመጀመሪያውን የጅቡቲ ዝርዝር አነበበልኝ፤ አራት ብቻ ያልኩበትን። እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር።

«ድሬ፤ መሀረብ» አልኩ። «ሁርሶ፤ በር።»

ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባቡሩ ሊያልፍ ሲል ያዝኩት። ጣቢያውን አየሁት፤ ሰው በአንሶላ የተጠቀለለች ልጅ ታቅፎ ቆሟል። አልሸሸሁም። ወረድኩ።

«ኤረር» አልኩ፣ «ጫማ።»

አባዬ ወረቀቱን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። እማዬ «ቀጥዪ እንጂ» አለች፤ እኔም እስከ ሞጆ ቀጠልኩ። አሥራ አምስት!

ማክሰኞ ከጉዞ ሲመለስ በሩን በእግሩ ነው የከፈተው፤ ሁለቱም እጁ ተይዞ ነበር። ከረጢቱን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጠው ብርቱካኖቹ እየተንከባለሉ እስከ እማዬ የስፌት መኪና ሥር ሄዱ።

«ከየት ነው?» አለችው እማዬ፣ ራሷ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን።

«ከኤረር» አለ አባዬ።